የተቀባዩ ጮጮ

ሐሙስ የካቲት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቆቦ በሚገኘው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አራጌ፣ ጸሐፊዋ ሔራን፣ የጉድጓድ ቁጥር አራት የፓምፕ ሠራተኛ ካሳው፣ ከሳሿ አሚና፣ ሰባት የማኅበሩ አባላት፣ እንዲሁም ለኮምፒውተሩ ሥራ የተጠራው ሕሉፍ ኪሮስ። ሰዉ አሥራ ሁለት፣ ወንበሩ ስምንት ነበር።

ሕሉፍ ቆሞ ነበር። ሔራን ወንበሯን ብትለቅለትም አልተቀመጠም። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ከተቀመጠ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ይጠፋዋል። ከቆመ ግን ኮምፒውተሩን የሚያይ መስሎ ማቀርቀር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሚና በቦዩ መጨረሻ ላይ ሽንኩርት ተክላለች። የውሃ ተራዋ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጥር መግቢያ ጀምሮ ግን ከእርሷ በላይ ላሉት ሁሉ እየደረሰ፣ የእርሷ ተራ ሲሆን ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። «ካሳው የላይኞቹ ሲጠግቡ ፓምፑን ያጠፋና ግራር ስር ይተኛል» ብላ ከሰሰች። ካሳው አላጠፋሁም አለ። ፓምፑ ከመሬት በታች ስለሆነ ድምፁ አይሰማም፤ ሲሠራ አየሁ ወይም ቆሞ አየሁ የሚል ምስክር አልተገኘም።

ካሳው ዘጠኝ ዓመት የያዘው የፓምፕ ቤት ቁልፍ ያን ቀን ጋሽ አራጌ ኪስ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ለእሁድ ተቀጥሯል። ከተፈረደበት ሥራውን ያጣል። ሥራውስ ይሁን፤ በራያ ቆላ የሰው ውሃ አጠፋ የተባለ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ጎን ለጎን የሚቀመጠው ያጣል።

ምስክር ከተባለ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። እሱም መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው እንደ አውራ ጣት የወፈረ የብረት ቧንቧ ነው፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይኖራል፤ በየሰዓቱ ውሃው የት ድረስ እንደሆነ ለክቶ በሆዱ ይይዛል። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ይወርዳል፣ ሲቆም ቀስ እያለ ይመለሳል። ስለዚህ የውሃውን ልክ ያየ ፓምፑ መቼ እንደሠራ፣ መቼ እንደቆመ ያውቃል። ያን ቀን ከጉድጓዱ ወጥቶ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የተጠራቀመ ከሁለት ሺህ በላይ ቁጥር በውስጡ ነበር።

ችግሩ ቁጥሩን ማውጣት ነበር። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሠራተኞች ትተውት የሄዱት የመዝጋቢው ማንበቢያ ሲዲ በማኅበሩ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ አለ። ሔራን ደግሞ አባላቱ ተራቸውን የሚያዩበት፣ በኢንተርኔት ማሳያው፣ ማለት በብሮውዘሩ፣ የሚከፈት ገጽ አላት። ገጹ ግን ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካ ገመድ ጋ ሊደርስ አይችልም። ለዚህ በብሮውዘሩ ጎን ተለጥፎ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ፕለጊን ይሉታል። ፕለጊኑን የጻፈው ሕሉፍ ነው። ፕለጊኑ በገመዱ ከመዝጋቢው ቁጥሮቹን ይቀበላል፣ ለብሮውዘሩ ያስረክባል፣ ገጹ ደግሞ ቁጥሮቹን በመስመር ይስላቸዋል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

«ለምን በወረቀት አትሞ አይሰጠንም?» ብላ ነበር ሔራን አስቀድማ።

«ሕሉፍ የካሳው ወዳጅ መሆኑን ከሮቢት እስከ ዋጃ ያልሰማ የለም» አሉ ጋሽ አራጌ። «ክፋት የለበትም፤ ግን እሱ ያተመው ወረቀት ምስክር ሊሆን አይችልም። ከመሣሪያው ሲወጣ ሁላችንም በዓይናችን እንይ።»

ሕሉፍ ትክክል መሆናቸውን ያውቃል። ገመዱን ሰካ፣ ገጹን ከፈተ፣ «አምጣ» የሚለውን ተጫነ። አሥራ ሁለቱም ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ብልጭ ብሎ ታየ። ወዲያው መስመሩም ገጹም ብሮውዘሩም በአንድነት ጠፉ፤ ማያው ላይ ፕሮግራሙ ሥራውን አቁሟል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

«አያችሁት!» አለች አሚና። «ልክ እንደ ውሃዬ! ብቅ አለና ጠፋ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ አራጌ እንኳ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሕሉፍ ጆሮው ጋለ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ሦስተኛ ሞከረ። ያው ነው።

«ተው፣ አትድከም ወንድሜ» አለ ካሳው ከጥግ። ጠዋቱን በሙሉ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«እሁድ ስምንት ሰዓት» አሉ ጋሽ አራጌ። «ከታየ አይተን እንፈርዳለን። ካልታየ እጅ እናወጣለን።»

እጅ ከወጣ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። አሚና የምትወደድ ሴት ናት፤ ሽንኩርቷም መድረቁን ሰዉ በዓይኑ አይቷል።

ሕሉፍ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አባቱ አቶ ኪሮስ ታመሙ። ከማይጨው ወርደው ቆቦ ውስጥ ጨውና በርበሬ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ልጁ ሱቅ ገባ፤ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ካሳው በጋሪ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። የቁፋሮ ሠራተኞች ሊጥሉት የነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር።

«ፓምፕ ጣቢያው ላይ ወረቀት ባገኘህ ቁጥር ቆመህ ስታነብ አይሃለሁ» አለው። «እኔ የማዞረው ቁልፍ አንድ ነው። አንተ ከዚህ የተሻለ ታዞር ይሆናል። ውሰደው።»

ሕሉፍ ያን ዕለት ምስጋና ከአፉ አልወጣለትም። አንገቱን ደፍቶ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ መለሰለት፤ ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለማለት አመቺ ቀን ሲጠብቅ ስድስት ዓመት አለፈ። በዚያ ኮምፒውተር መጻፍ ተማረ፤ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ የሚጽፍበት ሱቅ ከፈተ። እሱ የጻፈው ማመልከቻ በፊደል ግድፈት ተመልሶ አያውቅም ይባላል። ከዚያ ገጾቹ የጎደሉ የፕሮግራም መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አገኘ፤ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጋር ጎን ለጎን ዘርግቶ ሁለት ዓመት አነበበው። አሁን የሚበላውን እንጀራ ያገኘው ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ፕለጊኑን ከሥሩ ያገላብጥ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲያስረክብ አደረገው። ያለምንም ችግር ሠራ። ሌላ አንድ ቁጥር ሰጠ፤ ሠራ። አሥር ቁጥር በረድፍ ሲሰጥ ግን ብሮውዘሩ ወደቀ። አምስት ሲሰጥ አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ይተርፋል። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሁልጊዜ የሚወድቅ ነገር ቢያንስ ቁርጡ ይታወቃል።

ልዩነቱ ገባው። አንድ ቁጥር እንደ አንድ እንቁላል ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል። ረድፍ ሲሆን ግን ዕቃ ይፈልጋል። በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ቦታ ተይዞ፣ ቁጥሮቹ እዚያ ተደርድረው፣ ቦታው ከነቁጥሮቹ ለብሮውዘሩ መሰጠት አለበት። ሕሉፍም እንዲሁ አድርጓል። ፕለጊኑ ራሱ ቦታ ይይዛል፣ ይሞላል፣ ያስረክባል።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ በማኅበሩ ቢሮ መዝጋቢውን ሰክቶ፣ ሔራን እያየች፣ በየእርምጃው ምልክት እያስቀመጠ ተከታተለው። ቁጥሮቹ ከመዝጋቢው በትክክል ይመጣሉ። በትክክል ይደረደራሉ። ብሮውዘሩ በትክክል ይቀበላል። ገጹ መስመሩን ይስላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ብሮውዘሩ ጨርሻለሁ ብሎ ያንን ቦታ ሊያስወግድ ሲነሳ፣ ያኔ ይወድቃል። ሲሰጡት ያልሞተ ሲጥል ለምን ይሞታል?

ብሮውዘሩ ፕለጊኑን ሲቀሰቅሰው የራሱን የአገልግሎት ዝርዝር ይሰጠዋል። እንደ ስልክ ቁጥር ማለት ነው፤ ይህን ስትፈልግ በዚህ ጥራኝ፣ ያን ስትፈልግ በዚያ ጥራኝ ይላል። ከዝርዝሩ አንዱ ቦታ መጠየቂያ ነው። ፕለጊኑ በዚያ ከጠራው ብሮውዘሩ ከራሱ ሜሞሪ ቆርሶ ይሰጠዋል። ሕሉፍ ይህን አንብቦታል። በመመሪያው ላይ፣ ለብሮውዘሩ የሚሰጥ ረድፍ በዚህ በተጠየቀ ቦታ ላይ ይሁን የሚል መስመርም አለ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ በመዝገበ ቃላት ፈትቷቸው ነበር። ምክንያቱን ግን መዝገበ ቃላቱ አልያዘውም። ስለዚህ አልጠራውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያልጠራው ስላልገባው ብቻ አልነበረም። ሕሉፍ ሰው አያስቸግርም። አቶ ኪሮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንግዳ ሆነው ሲሄዱ የሚጠጡበትን ኩባያ እንኳ ከቤታቸው ይዘው የሚሄዱ ሰው ነበሩ፤ ልጆቻቸውንም እንዲሁ አሳደጉ። ለሰው ስጦታ ይዞ ሄዶ ማስቀመጫውን ከባለቤቱ መጠየቅ ለእነሱ ቤት ነውር ነው። ፕለጊኑን የጻፈው እንደዚህ ያደገ ሰው ነበር። ፕለጊኑም የራሱን ዕቃ ይዞ ሄደ።

ዓርብ እንደዚያ መሸ።

የሕሉፍ እህት ፌቨን ከወለደች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ በእናታቸው በትርሓስ ቤት ታርሳ ተኝታለች። አሚና ቤቷ ከአጥራቸው ጀርባ ነው። ፌቨን ከወለደች ጀምሮ በየማለዳው ወተት ታመጣለች። አሠራሩ የታወቀ ነው። ማታ ከእነትርሓስ ቤት የራሳቸው ጮጮ፣ ያ ከቅል የተሠራ የወተት ዕቃ፣ ታጥቦ በወይራ ታጥኖ ይሄድና በአሚና አጥር እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት አሚና አልባ እዚያው ላይ ሞልታ ትመልሰዋለች። ጮጮውን ማታ ማድረስ የሕሉፍ ሥራ ነበር። ዓርብ ረሳው።

ቅዳሜ ጠዋት አሚና ባዶ እጇን በር ላይ ቆመች።

«ጮጮአችሁ የት ገባ?»

ሕሉፍ ደጃፉ ላይ ፊቱን እየታጠበ ነበር። «ረሳሁት፣ እትዬ አሚና።»

«ያ ካሳውህ ውሃ ይረሳል፣ አንተ ጮጮ ትረሳለህ። መቼም ወዳጅነት እንዲህ ነው!»

«ልጄን ተይው» አለች ትርሓስ ከውስጥ እየሳቀች። «ወደይ፣ ልጄ ሰሞኑን ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ተጋብቷል።»

«ይጋባ፣ ይጋባ። ሙሽራዋ ግን ወተት አትሰጥም።»

ሕሉፍ ፎጣውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። የተናደደች አልመሰለችውም፤ እሱ ግን ለአራሷ አዝኗል። በቀስታ፣ «በራስሽ ጮጮ አታመጪልንም ነበር?» አላት።

አሚና ዓይኗን አፈጠጠች። «በራሴ? ጤናህን ነው?»

«አጥበን እንመልስልሽ ነበር።»

«እሱን ነው የምፈራው!» አለች። የበሩን መቃን ተደግፋ ነገሯን አመቻቸች። «ስማ። አንተ ያኔ ልጅ ነህ፤ እዚህ ጎናችን አንዲት የመምህር ሚስት ተከራይታ ነበር፣ ከሩቅ አገር የመጣች። ደግ ሴት፣ አልዋሽባትም። ወለደች። እኔም ደግ ልሁን ብዬ በራሴ ጮጮ፣ በእናቴ ጮጮ፣ ወተት ይዤላት ሄድሁ። ጠጣች፣ መረቀችኝ። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጋ አጠበችልኝ!»

«ተሰነጠቀ?»

«ለሁለት! ሃያ ዓመት ቅቤና ጭስ የጠጣ ቅል ሳሙና ይችላል እንዴ? እያለቀሰች ስብርባሪውን በመሶብ አመጣችልኝ። እሷ በቤቷ ብርጭቆና ብረት ነው ያላት። እንደለመደችው አጠበች። ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የኔ ነዋ! ወተቱን የምትጨርስ እሷ ናት፣ ዕቃውን የምታጸዳ እሷ ናት። አጠባውን የምታውቅበት የራሷን ዕቃ ነው። የራሷን ዕቃ አምጪ ብዬ በዚያ ብሞላላት ኖሮ፣ በሳሙናም ትጠበው በአሸዋ፣ ምን አገባኝ! አፍሬ ሳልጠይቃት ቀረሁ፣ የእናቴን ጮጮ አስበላሁ። ከዚያ ወዲህ ወተቴን የፈለገ ዕቃውን ይላክ ብያለሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ልጄ።»

ሕሉፍ ውሃው ከአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ጮጮው የተሰነጠቀው ወተቱ ሲጠጣ ነው?»

«ወተቱማ ደህና ተጠጣ። ሲታጠብ ነው እንጂ።»

«ሲታጠብ» አለ ሕሉፍ።

«ሲታጠብ አልሁህ። ምን ሆነሃል?»

ፎጣውን ጣለና ወደ ሱቁ ሊሮጥ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ፤ ጓዳ ገብቶ ጮጮውን አምጥቶ በሁለት እጁ ለአሚና ሰጣት። የሚላት ነገር ነበረው፤ መናገሩ ግን ከበደው። እንደምንም አወጣው።

«እትዬ አሚና፣ እንዳትቀየሚኝ። አሁን የነገርሽኝ ነገር ነገ ለአያ ካሳው የሚጠቅም ይመስለኛል። ሳላውቅ ረዳሁት እንዳትይ ብዬ ነው።»

አሚና አየችው። ጮጮውን በብብቷ ይዛ ትንሽ አሰበች።

«እውነት ከሆነ ይጥቀመው» አለች። «እኔ ውሃዬን ነው የምፈልግ፣ የሰውየውን ውርደት አልፈለግሁም። ክስ ሌላ፣ ወተት ሌላ። በል አብሽር፣ ሂድ። ጥጃዋ ያስተረፈችው ነገር ካለ አልቤ አመጣለሁ።»

ማስተካከያው ከሦስት መስመር አልበለጠም። ፕለጊኑ ለቁጥሮቹ የራሱን ቦታ ይይዝበት የነበረውን መስመር ሕሉፍ ሰረዘ። በምትኩ ብሮውዘሩን በሰጠው ጥሪ እንዲጠራው አደረገ፦ ይህን ያህል ቁጥር የሚይዝ ቦታ ስጠኝ። ብሮውዘሩ ከራሱ ቆርሶ ሰጠ፤ ፕለጊኑ በዚያ ላይ ደረደረ፤ ብሮውዘሩ ተቀብሎ መስመሩን ሳለ፤ ሲጨርስ የራሱን ዕቃ በራሱ መንገድ አስወገደ። ምንም አልተሰበረም። ሕሉፍ ሃያ ጊዜ ደጋገመው። አሥር ቁጥር ሰጠ፣ መቶ ሰጠ፣ ሦስት ሺህ ሰጠ። ሃያውንም ጊዜ ሠራ።

ፕሮግራም ውስጥ ማሽኑ የሚዘለው፣ ለሚያነብ ሰው ብቻ የሚጻፍ መስመር አለ። ሕሉፍ ከሦስቱ መስመሮች በላይ ይህን ጻፈ፦ «ዕቃው የተቀባዩ ነው፤ አንተ የማትጥለውን ዕቃ ከሚጥለው ጠይቅ። ይህን ያስተማረችኝ ጎረቤታችን አሚና ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ሁለት ጊዜ አነበበው። አንድ ፊደል አስተካከለ።

ለካሳው ሄዶ ሊነግረው አሰበ፤ ግን እሁድ ደግሞ ቢወድቅስ ብሎ ተወው።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ሰዉን ስላልቻለ ጠረጴዛውና ኮምፒውተሩ በረንዳ ላይ ወጡ። ሔራን ማያውን ከፀሐይ በካርቶን ከለለችው። ካሳው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ቆሟል። አሚና ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እንግዲህ ሕሉፍ» አሉ ጋሽ አራጌ።

ሕሉፍ ገመዱን ሰካ። «አሁን ከመሣሪያው ይመጣል» አለ፤ ድምፁን የሰማው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። ተጫነው።

ሰማያዊው መስመር ከኅዳር ተነሥቶ እየወረደና እየወጣ እስከ የካቲት ደረሰ። መስመሩ አልጠፋም።

«ይኸው ቆየ!» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ በዓይንህ ትበላዋለህ» አለው ጎረቤቱ።

አሚና ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «የኔን ማክሰኞ አሳየኝ።»

ሕሉፍ መስመሩን አሰፋላት። ጋሽ አራጌ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ሔራን ቀኖቹን እየጠራች ጮክ ብላ አነበበች። ጥር ሦስት፣ ማክሰኞ፦ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ውሃው ወርዷል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መመለስ ጀምሯል። ዓርብ፦ እንዲሁ። የሚቀጥለው ማክሰኞ፦ እንዲሁ። ዓርብ፦ እንዲሁ። እስከ የካቲት ድረስ የአሚና ተራ በተባለበት ቀን ሁሉ መስመሩ በሰባት ሰዓት ይወርዳል፣ በአሥራ ሁለት ይነሣል። አንድም ቀን አልዘለለም።

አሚና መስመሩን በጣቷ ከቀን ቀን እየተከተለች አየችው። ማንም አላጣደፋትም።

«ስለዚህ ፓምፑ ይሠራ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ይሠራ ነበር» አሉ ጋሽ አራጌ።

«ውሃው ወጥቷል።»

«ወጥቷል።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«ወር ሙሉ ይህን የሚጠይቅልኝ ሰው ነበር ያጣሁት» አለ ካሳው ከኋላ። ሁሉም ዞር አለ።

ጋሽ አራጌ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ቁልፉን አወጡና በሰዉ መካከል አሳልፈው ላኩት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ካሳው ጋ ደረሰ። «ይቅር በለን» አሉት። «በል አሁን ቁልፍህን ያዝና ቦዩን እንሂድበት።»

ሃያ የሚሆን ሰው ቦዩን ተከትሎ ወረደ። ከላይ ሲታይ ቦዩ ደህና ነው፤ ካሳውም አሚናም ቀደም ሲል ዳርና ዳሩን ተመላልሰውበታል። የላይኞቹን እርሻዎች አለፉ። የአሚና ማሳ ከመድረሱ በፊት ቦዩ በአንድ የቁልቋልና የግራር ጥሻ ጎን ይጠመዘዛል። እሾሁ ስለሚበዛ ሰው ወደዚያ አይገባም። ካሳው ቆመ፤ ሱሪውን ሰብስቦ በእሾሁ መካከል ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ኑ እዩ!» አለ ከውስጥ።

ከቦዩ ግድግዳ ሥር ጃርት የቆፈረው፣ ሰው የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር። በየካቲት ደረቅ፣ አገሩ ሁሉ እንደ አጓት በነጣበት ወቅት፣ ከጥሻው ጀርባ ያለው መሬት ለምለም ነው፤ ሣሩ ከጉልበት በላይ ቆሟል። በሣሩ መካከል አንዲት ቡሬ ላም ቆማ በዝግታ ታመነዥጋለች። ሰው ሲመጣ ቀና እንኳ አላለችም።

ጋሽ አራጌ መነጽራቸውን እንደገና አደረጉ። «ይህች ላም የማን ናት?»

ሁሉም ያውቃታል። ሔራን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ወላሂ!» አለች አሚና አፏን በእጇ ይዛ። «ከጥር ወዲህ ወተቷ ሲጨምር፣ ቀትር በሆነ ቁጥር ከመንጋው ስትጠፋ! ጥላ ፍለጋ ነው ብዬ! አልሀምዱሊላህ ስል የከረምሁት በገዛ ሽንኩርቴ ውሃ ነው!»

ሳቁ ከዚያ በኋላ የሚቆም አልነበረም። ሕሉፍም ሳቀ፤ የፌቨን ልጅ ሁለት ሳምንት የጠጣው ምን እንደሆነ ገብቶት ሳቀ። ካሳው እሾህ በተሰገሰገበት ሸሚዙ ከጥሻው ወጥቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሚና ወደ እሱ ሄደች።

«ካሳው፣ አፉ በለኝ። ስምህን በየሰዉ ቤት አዙሬዋለሁ።»

«አፉ ብያለሁ» አለ ካሳው። «ግን ያን ወተት ለእነሕሉፍ ቤት ብቻ አታድርጊው።»

«ጮጮህን ላክ!» አለችው።

ሲመለሱ ሕሉፍ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረና ከካሳው ጎን ሆነ። የፓምፑ ቤት ሊታይ ሲል ሕሉፍ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አያ ካሳው፣ ስለዚያ ኮምፒውተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

«የቱ ኮምፒውተር?» አለ ካሳው።

«በብርድ ልብስ ያመጣኸው።»

ካሳው እየሄደ ትከሻውን ያዝ አድርጎት ለቀቀው።

ሰኞ ጠዋት የጃርቱ ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፈነ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ውሃው ለአሚና ሽንኩርት ደረሰ። በዚያው ሳምንት የላሟ ወተት በግማሽ ቀነሰ።